ማኅበር የሌለው ደመወዝተኛ

ሁለት ሾፌሮችን እናስብ። አንዱ የመንግሥት የልማት ድርጅት መኪና ይነዳል፤ ሌላው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት። የሁለቱም ቀጣሪ ዞሮ ዞሮ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስለሚተዳደር፣ አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋምና የኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላል። ሁለተኛውን ይህ አዋጅ አይመለከተውም። ቅር ሲለው ማመልከቻ ጽፎ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ እዚያ ካልተሳካለት ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብቻውን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ይህን ሰው አልረሳውም ነበር። አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሊደራጁ፣ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰውም ቅሬታቸውን ሊያሰሙ እንደሚችሉ ይደነግጋል። እነማን እንደሆኑ መለየቱን ግን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች 515/1999 እና 1064/2010 ቅጥርን፣ ደረጃ ዕድገትን፣ ዲሲፕሊንን በዝርዝር ሲደነግጉ ስለ መደራጀትና ስለ ጋራ ድርድር ዝም አሉ። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ጋራ ድርድር የሚናገሩትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ነው። የድርጅቱ ባለሙያዎች ይህንኑ የሕግ ክፍተት እያነሱ መንግሥትን ደጋግመው ጠይቀዋል።

ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል በሙያ ማኅበር ስም ተደራጅተው የቆዩት መምህራን ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። በየካቲት 1966 የመንግሥትን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቃውመው ሥራ ያቆሙት እነሱ ነበሩ፤ ዘውዱን ከጣለው ማዕበል አንዱ ሞገድ ከዚያ ተነሣ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የመምህራኑ ማኅበር ለሁለት ተከፈለ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሰሩ፣ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ1994 ተፈቱ። ምክትል ዋና ጸሐፊው አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ2000 የማኅበሩ ስምና ንብረት በፍርድ ቤት ውሳኔ ለሌላው ወገን ሆነ። ያን ዘመን የኖረ መምህር ዛሬም ስለ ማኅበር ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም።

መደራጃ በሌለበት ብሶት ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ካለ የግንቦት 2017ን የሆስፒታሎች ሁኔታ ያስታውስ። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የዲዩቲ ክፍያ ጥያቄያቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠራርተው አነሡ፤ በብዙ ቦታ ሥራ ቆመ፤ በርካቶች ታሰሩ። የታመመ ሰው የሚያክመው አጥቶ መመለሱ ያማል፤ ያንን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጥያቄው ቀድሞ የሚቀርብበት የድርድር ጠረጴዛ፣ ሠራተኛው የመረጠውና በስሙ የሚፈርም ተወካይ ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ የመፈታት ዕድል ነበረው። ጠረጴዛው አስቀድሞ የተነፈገን ሰው ለምን ጎዳና ወጣህ ማለት ፍትሕ አይደለም።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ምደባና ድልድል በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲፈልግ ይውላል፤ በስሙ የሚደራደርለት ግን የለም። ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ ከመንግሥት ሠራተኞች እነማን መደራጀት እንደሚችሉ፣ ከማን ጋር እንደሚደራደሩ፣ ተወካያቸውም ከሥራ እንዳይባረር ምን ዋስትና እንዳለው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ላይ በግልጽ ጻፉላቸው።