ዝም ያለ ሁሉ አልለመደም

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም ትረካ

[ድምፅ፦ ካርቶን ሲከፈት፤ ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ፤ ከዚያ ምንም]

ተራኪ፦ አዲስ ጊኒ ፒግ ቤት በገባችበት የመጀመሪያ ሰዓት መቅረጸ ድምፃችን የሚይዘው ነገር አያገኝም። ከመጣችበት ካርቶን ወጥታ ኬጇ ውስጥ ስትገባ ጥጉን ትይዛለች፣ ሆዷን ከወለሉ ታጣብቃለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ሲነኳት አትሸሽም፤ አንስተው ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጧት አትቧጭርም፣ አትነክስም። ልጆች «እንዴት ጨዋ ናት!» ይላሉ፤ ወላጆችም ያመጧት እንስሳ ስላልተናከሰች እፎይ ይላሉ። በዛሬው ዝግጅታችን የምንከራከረው ይህን እፎይታ ነው። ጸጥታዋ የመልመድ ምልክት አይደለም፤ ይልቁንም ከፍርሃት መልኮች ሁሉ በቀላሉ የማይታየው ነው። ይህ ከገባን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልናደርግላት የሚገባን ነገር ብዙ ሰው ከሚያደርገው ጋር ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዘሯ እንነሳ። ጊኒ ፒግን ከሺህ ዓመታት በፊት ያላመዱት በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ ዛሬ ፔሩ፣ ቦሊቪያና ኢኳዶር በምንላቸው አገሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ወደ አውሮፓ የተሻገረችው ከስፔናውያን ወረራ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዱር ዘመዶቿ አሁንም በዚያው አካባቢ ሣር መሐል ይኖራሉ። ቀንድ የላቸውም፣ ዛፍ አይወጡም፣ ከቀበሮ ጋር ሩጫ ቢገጥሙ አይዘልቁም፤ ከላይ ደግሞ ጭልፊት አለ። መዳኛቸው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ወደ ቅርብ መደበቂያ መወርወር ነው። መደበቂያ ከሌለ ሁለተኛው ይቀራል፤ ባሉበት ደርቆ መቅረት። የሚንቀሳቀስ ነገር ለአዳኝ ዓይን ይጋለጣል፣ ድንጋይ የመሰለ ግን ሊታለፍ ይችላል። እንግዲህ በአዲስ ቤት፣ በማታውቀው ሽታ መሐል፣ ከላይ ወደታች የሚወርድ የሰው እጅ ምን ሊመስላት እንደሚችል መገመት አይከብድም። ጭን ላይ የደረቀችው ጊኒ ፒግ ሁለተኛውን መዳኛ እየተጠቀመች ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይባል በደም ምርመራ የታየ ማስረጃ አለ። በጀርመን የሙንስተር ዩኒቨርሲቲው ኖርበርት ዛክሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ወንድ ጊኒ ፒጎችን ከመንጋቸው ነጥለው ወደማያውቁት ቦታ አዛወሯቸው፤ ከዚያም ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨውን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን በደማቸው ውስጥ ለኩ። ብቻቸውን የሆኑት ኮርቲሶላቸው በጣም አሻቀበ። አጠገባቸው የማያውቋት ሴት ጊኒ ፒግ ስትደረግም ለውጥ አልመጣም። ከዚያው መንጋ የመጣች፣ በመልክ የሚያውቋት ግን የማይቀርቧት ሴት ስትሆንም ያው ነው። ጭማሪው በጉልህ የቀነሰው የቅርብ ወዳጃቸው የሆነችው ሴት አብራ ስትገኝ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ የጊኒ ፒግ ግልገሎችንም አይተዋል፤ እናት አጠገብ ስትሆን አዲስ ቦታ የሚያመጣው ጭንቀት ይቀንሳል። ፍርሃት የሚያረግበው የሌላ ሕያው ፍጡር በአጠገብ መኖር ብቻ አይደለም ማለት ነው። የሚያረግበው የቀረበ ትስስር ነው። በዚህ መለኪያ፣ በመጀመሪያው ቀን እኛ ከማያውቋት ሴት እንኳ በታች ነን።

እርግጥ ጥናቱ የተደረገው በላቦራቶሪ እንጂ በልጆች መኝታ ቤት አይደለም፤ ውጤቱን ቃል በቃል ወደ ሳሎን ማምጣት አይቻልም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ሰው የመጀመሪያ ውሳኔ የሚወሰነው ከኬጁ ግዢ በፊት ነው፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ያውም አብረው ያደጉ ወይም አብረው የኖሩ ሁለት ማምጣት። ሁለት እህትማማች፣ ወይም የተኮላሸ ወንድና ሴት ጥሩ ጥምረት ናቸው። መሸጫ ቤቶች ጾታ ላይ መሳሳታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ እህትማማች የተባሉትን የእንስሳት ሐኪም ቢያያቸው አይከፋም፤ ሴቷ ገና በሁለተኛ ወሯ ልታረግዝ ትችላለች።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይዋደዱና እኛን ይረሱናል፤ አንዷ ብቻዋን ብትሆን ግን እኛን ትለምዳለች» ይባላል። ክርክሩ ውሻን አስቦ የተነገረ ይመስላል። ብቸኛ ጊኒ ፒግ ሰው ስታይ የምትጠጋው ሌላ አማራጭ ስለሌላት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ፍቅር ብሎ መጥራት ይከብዳል። በሁለት ሲሆኑ ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ደፋር ትሆናለች። ቀድማ ወጥታ ከጣት መሐል የፐርሰሜሎ ቅጠል ትቀበላለች፤ ሌላዋ ይህን ከጎጆዋ በር ላይ ታያለች። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሁለተኛዋም አንገቷን ታሰግጋለች። በዚህ አያያዝ ጓደኛዋ ለእኛ የምትሠራልን ሥራ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ መደበቂያ ነው። መደበቂያ ጎጆ ካስገባንላቸው ቀኑን ሙሉ አይወጡም፣ ስለዚህ እንዲለምዱን እናውጣው የሚሉ አሉ። ጎጆው ሲወጣ ግን ፍርሃቱ አብሮ አይወጣም። ከሁለቱ መዳኛዎች አንዱን ነጥቀን ሌላውን ብቻ እንተውላታለን፤ ትደርቃለች፣ እኛም ለመደች እንላለን። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ መሸሸጊያ እንዳለ የምታውቅ እንስሳ ግን ሦስተኛውን እርምጃ ትሞክራለች። ጎጆው ራሱ አሠራር አለው። በሩ አንድ ከሆነ ጉልበተኛዋ ደካማዋን ውስጥ ታግታታለች፤ ስለዚህ መግቢያና መውጫ ይኑረው፣ ቁጥሩም ከእንስሳቱ በአንድ ይብለጥ። በሁለት ወገን የተቀደደ ካርቶን ለዚህ ይበቃል። የኬጁን ግማሽ በቀላል ጨርቅ መሸፈንም ይረዳል። ስፋቱን በተመለከተ ለሁለት ጊኒ ፒግ አንድ ሜትር ካሬ ገደማ የወለል ቦታ ቢገኝ መልካም ነው፤ ፎቅ ያለው ግን ጠባብ የሆነ ኬጅ ለሻጩ እንጂ መዝለልና መንጠላጠል ለማትወድ እንስሳ ብዙም አይጠቅምም።

[ድምፅ፦ ምድጃ ላይ የእሳት መንጣጣት፤ የትናንሽ እግሮች ሩጫ፤ «ኩይ ኩይ» የሚል ድምፅ]

ተራኪ፦ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከትውልድ አገሯ ነው። በአንዲስ ገጠሮች ጊኒ ፒጎች ማድ ቤት ወለል ላይ ልቅ ሆነው ይኖራሉ። እሳት አለ፣ ጭስ አለ፣ ውሻ ይገባል፣ ሰው ይረግጣል፤ ስለ መላመድ የሚጨነቅ የለም፣ እነሱም ይረባሉ። ታዲያ እኛ ምን አስጨነቀን? መልሱ ያንኑ ማድ ቤት ቀረብ ብሎ በማየት ይገኛል። እዚያ የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶችና ከግልገሎች ጋር። ከምድጃው ሥር፣ ከመደቡ ሥር፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ጨለማ ጥግ ሞልቷል። ትኩስ ሣርና አልፋልፋ ወለሉ ላይ ይበተንላቸዋል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚያነሳቸው ለድስት ወይም ለገበያ ሲፈልጋቸው ነው። ስለ መላመድ የሚጨነቅ ያልኖረው፣ ለመላመድ የሚያስፈልገው ሁሉ ሳይታሰብበት ስለተሟላ ነው። የጎደለው ያለ ምክንያት ማንሳትና ማቀፍ ብቻ ነው፤ እሱን የጨመርነው እኛ ነን።

ጭሱ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ለምግብ የሚረቡት ብዙዎቹ ገና በወራት ዕድሜ ስለሚታረዱ ሳንባቸው ለዓመታት ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ቤት ውስጥ በወጉ የተያዘች ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ትኖራለች፤ የመተንፈሻ አካል በሽታም ከሚያጠቋት ሕመሞች አንዱ ነው። ስለዚህ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ለኬጁ ቦታ አይሆንም። ዕጣኑን ወይም የቡናውን ሥርዓት መተው አያስፈልግም፤ ኬጁን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ክርክር ደካማ ጎን እንምጣ። «ተዋት፣ ራሷ ትለምዳለች» የሚለው ምክር ቃል በቃል ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። የጊኒ ፒግ አንጀት ሥራ አይፈታም፤ ቀኑንም ሌሊቱንም በትንሽ በትንሹ ድርቆሽ መቀበል አለበት። የተጨነቀች እንስሳ መብላት ታቆማለች፣ መብላት ስታቆም አንጀቷ ይቆማል፣ አንጀቷ ሲቆም የበለጠ አትበላም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰች ጊኒ ፒግ ሐኪም ሊያያት የሚገባ እንጂ «ነገ ትበላለች» የምትባል አይደለችም። አለመንካትና አለማየት ለየቅል ናቸው ማለት ነው። የሚታየው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም፤ የድርቆሹ ክምር ጎድሏል? ኩሷ እንደ ወትሮው ሞላላና ወፍራም ነው ወይስ ደቅቆና ደርቆ ቀንሷል? ከዚያ ሚዛን አለ። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ዓይን የማያየውን ይነግራል። ታዲያ ሳናነሳት እንዴት እንመዝናታለን? የምትወደውን ቅጠል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ራሷ ስትገባ ሳጥኑን ከነእሷ ቀስ ብሎ አንስቶ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ማኖር፣ የባዶ ሳጥኑን ክብደት መቀነስ። ነገሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ከላይ የሚወርድ እጅም አታይም።

ድርቆሽ ስንል ጭድ ማለታችን አይደለም። ጭድ እህሉ ከተወቃ በኋላ የሚቀር አገዳ ነው፤ ለመተኛ ይሆናል እንጂ አያጠግብም። ድርቆሽ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ታጭዶ የደረቀ ሣር ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድጉት ጥርሶቿም የሚሞረዱት በእሱ ነው። ከዚህ ሌላ ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋታል፤ እንደ ሰው ሁሉ ሰውነቷ ራሱ አይሠራውም። ይህን ያወቅነው በእሷው ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ኖርዌያውያኑ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ እህል ብቻ የበሉ ጊኒ ፒጎች የመርከበኞች በሽታ በሚባለው ስከርቪ ሲያዙ አዩ፤ ቫይታሚን ሲን ወደ ማግኘት የመራው መንገድም ከዚያ ተከፈተ። በየቀኑ አንድ ቁራጭ የፈረንጅ ቃሪያ ችግሩን ያቃልላል። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን አትክልት ማዥጎድጎድ ደግነት አይደለም። ከመጣችበት ቤት ምን ትበላ እንደነበር ጠይቆ በዚያው መጀመር፣ አዲሱን በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀላቀል ይሻላል። ከቀድሞ መኝታዋም አንድ እፍኝ ለምኖ አዲሱ ኬጅ ውስጥ መበተን፣ ቢያንስ አንድ የምታውቀው ሽታ ይዛ እንድትገባ ያደርጋታል።

[ድምፅ፦ የፍሪጅ በር ሲከፈት፤ ወዲያው ፉጨት የመሰለ ረጅም ጩኸት]

ተራኪ፦ ለመልመዷ ማስረጃ የምንቀበለው ይህን ነው። የፍሪጅ በር ወይም የፌስታል ድምፅ ሲሰማ ያለ ይሉኝታ መጮህ፣ ሰው እያየ መብላት፣ በጎን ተጋድሞ እግር ዘርግቶ መተኛት፣ ያለ ምክንያት ወደ ላይ መፈናጠር። ለአንዷ በቀናት ይሆናል፣ ለሌላዋ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ የሰው ድርሻ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ኬጁ አጠገብ ወለል ላይ መቀመጥ፣ ከእጅ በፊት ድምፅን ማስቀደም፣ ምግብ ከእጅ ማቅረብ፣ መንካት ሲጀመርም ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከአገጯ ሥር መጀመር ነው። «ሳትነካ እንዴት ትገራለች?» ለሚል፣ መንካቱ አልተከለከለም፤ ተራው ነው የዘገየው።

አንድ ጊኒ ፒግ ቀድማ ካለች ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አዲሷን ወዲያው መቀላቀል በሽታ ሊያጋባ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ያህል በሌላ ክፍል ማቆየት ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ፣ አይበጅም ያልነውን ብቸኝነት በእሷ ላይ መፍረዳችን እውነት ነው። ለዚህ ንጹሕ መፍትሔ የለም፤ ቢቻል አዲሶቹም ሁለት ሆነው ይምጡ። ቀኑ ሲደርስ መገናኛው የማንም ያልሆነ ወለል ይሁን፣ ድርቆሹም በሁለት በሦስት ቦታ ይከመር። ማጉረምረም፣ መከታተል፣ አገጭ ማንሳትና ላይ ላይ መውጣት የማዕረግ ጉዳይ ስለሆነ ጣልቃ አይገባበትም። ጥርስ አንቀጫቅጮ መወርወርና ደም ማፍሰስ ሲመጣ ግን ይለያያሉ፤ በባዶ እጅ ሳይሆን በፎጣ።

ወደ ብቸኝነቱ ስንመለስ፣ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማሳደግ ከልክላለች። ሕጉን የሚነቅፉ ሰዎች ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ከሁለቱ አንዷ ስትሞት ምን ይደረግ? ሌላ መግዛት፣ ያቺ ስትተርፍ ደግሞ ሌላ፣ ማብቂያ የሌለው ሰንሰለት። አንዲት አርቢ ለዚህ መላ አገኘች፤ ጊኒ ፒግ ማከራየት ጀመረች። ጓደኛዋ የሞተባት አሮጊት ጊኒ ፒግ በምታውቀው ቤት ትቀራለች፣ የተከራየችው ትመጣላታለች፣ አሮጊቷ ስትሞት የተከራየችው ወደ አርቢዋ ተመልሳ ከተከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ለቤተሰቡ ይመለሳል። ደንቡ ሲወጣ ሳቅ የፈጠረባቸው ነበሩ። ተከራይታ የመጣችዋ ግን በሕይወቷ ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ ቤት ልትገባ ትችላለች፤ በእያንዳንዱም ድርቆሹ፣ ባለ ሁለት በሩ ጎጆና ሚዛኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይቀርቡላታል።