የእርሻ መሣሪያ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው ስለ መመካከራቸው ጥቅም

አዲስ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ሥራው ገና በግማሽ ነው፤ ቀሪውን የሚፈጽመው በማሳ ላይ የሚይዘው ሰው ነው። ለዚህም የመረሬ መሬት ነገር ምስክር ይሆናል።

በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ጥቍር የመረሬ መሬት አለ፤ በአንዳንድ አገር ዋልካ ይሉታል። አፈሩ ለም ቢሆንም የክረምቱን ውሃ አቍሮ ስለሚይዝ፣ ባላገሩ ዝናሙ እስኪያባራ ድረስ ዘሩን ይዞ ይቈያል። በዚህም መካከል የታረሰው አፈር በጎርፍ ይወሰዳል፤ ዘግይቶ የተዘራውም እህል እርጥበት ያጥረዋል። የእነዋሪ ገበሬዎች ግን አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣትን ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁ ነበር።

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በቦሌ በኩል፣ በጉርድ ሾላ የነበረው ኢልካ የተባለው የከብት ርባታ ማዕከል፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ከእርሻ ሚኒስቴርና ከሌሎች የምርምር ቤቶች ጋራ ተባብሮ ስለዚህ መሬት ጥናት ጀመረ። የእጁን ድካም ወደ በሬ ጕልበት ለማዛወር ሁለት ማረሻ ተጣምሮ ቢቢኤም የተባለው መሣሪያ ተሠራ። ይኸውም 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል። የመጀመሪያው ከባድ ስለ ነበረ፣ የሞከሩት ገበሬዎች በተናገሩት መሠረት እየተሻሻለ ቀለለ። ተጠቃሚው ዝም ቢል ኖሮ ሠሪው ጕድለቱን ከምን ባወቀው ነበር?

መመካከር የሚያስፈልግበት ሌላም ብርቱ ምክንያት አለ። ውሃ ወሰን አያውቅም፤ ከአንዱ ማሳ በቦይ የወጣው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይወርዳል። የጋራ መውረጃ ካልተቈፈረ፣ ለአንዱ ልማት የሆነው መሣሪያ ለሌላው ጥፋት፣ ለወረዳውም ክርክር ይሆናል።

ስለዚህ የአገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ሰፊ እርሻዎች፣ መሣሪያውን ከማደል ጋራ የሚጠቀሙበትን ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሰበስቡ ይገባል። አንደኛው ከክረምት በፊት፣ ስለ ጋራ መውረጃና ስለ በሬ ተራ ለመስማማት ነው፤ ሁለተኛው ከአዝመራ በኋላ፣ ምን እንደ ተሰበረና ምን እንደ ጠቀመ ለመነጋገር ነው። መሣሪያውን የሚጠግነው ባለ እጅ ከጉባኤው አይቅር። የተባለውም ሁሉ ተጽፎ ወደ ምርምር ቤት ይላክ። ይህ ካልተደረገ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ በጎተራ ጥግ ዝጎ ይቀራል፤ ማሳውም እንደ ልማዱ በውሃ ተኝቶ ይከርማል።