ከመድረኩ የሚነገረው፣ ከአዳራሹ የሚጠየቀው

በየዓመቱ መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን ሲከበር፣ በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚደረጉ ሕዝባዊ ገለጻዎችና ሲምፖዚየሞች ይበዛሉ። ዕለቱ የተመረጠበት ምክንያት ራሱ አንድ የሕክምና ገለጻ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ውስጥ ለተሰበሰቡ ምሁራን ያስታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 24 ቀን 1882 ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይኸው ሐኪም ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ስለዚያው በሽታ ሌላ ታላቅ ንግግር አድርጓል። የመጀመሪያው በሕክምና ታሪክ ከታላላቆቹ መድረኮች አንዱ ሆኖ ሲቆጠር፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ሕሙማንን ለከንቱ ተስፋ የዳረገ ሆኖ ቀረ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር፣ ወደፊት በየአዳራሹ የሚሰሙ የምርምር ገለጻዎችን እንዴት ማዳመጥና ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል።

የመድረኮቹ ዓይነትና ተግባር

ባዮሜዲካል ምርምር የሚባለው የሰውን አካልና የሚያጠቁትን በሽታዎች በሥነ ሕይወት፣ በኬሚስትሪና በመሰል ሳይንሶች መንገድ የሚመረምር፣ የሚያገኘውንም እውቀት ለመከላከያ፣ ለምርመራና ለሕክምና ለማዋል የሚተጋ የጥናት መስክ ነው። የዚህ መስክ ውጤት ወደ ሕዝብ የሚደርስባቸው መድረኮች ብዙ ቢሆኑም ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። በተለምዶ ፐብሊክ ሌክቸር የሚባለው ሕዝባዊ ገለጻ አንድ ተመራማሪ የደረሰበትን ለሙያው ሰዎችም ሆነ ለማንኛውም ፈላጊ በሚገባ መንገድ የሚያስረዳበት ሲሆን፣ ሲምፖዚየም ግን በአንድ ርዕስ ዙሪያ ልዩ ልዩ ተመራማሪዎች ጥናቶቻቸውን በየተራ አቅርበው፣ በአወያይ መሪነት እርስ በርስ የሚተራረሙበት ጉባኤ ነው።

ልማዱ ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ከ1616 ጀምሮ በለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ተከታታይ ትምህርታዊ ንግግሮችን ይሰጥ ነበር፤ ደም ከልብ ተነሥቶ በአካል ውስጥ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው ግን በ1628 ነው። ሃርቪ በዚያው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ሐሳቡን ወደ ኅትመት ከማምጣቱ በፊት ለዓመታት በባልደረቦቹ ፊት እያሳየ ትችታቸውን ሲሰማና ሲመልስ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ደግሞ በ1864 በፓሪሱ ሶርቦን አዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ ረቂቅ ተሕዋስያን ሕይወት ከሌለው ነገር በራሳቸው እንደማይፈጠሩ ሲያስረዳ፣ አንገታቸው የተቆለመመ ብርጭቆዎቹን ለተመልካቹ ዓይን አቅርቦ ነበር። ስለዚህ መድረኩ ከጥንት ጀምሮ ያለቀለት እውቀት የሚታወጅበት ብቻ ሳይሆን፣ በመጠናት ላይ ያለ ሐሳብ በሌሎች ዓይን የሚፈተንበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል።

ማስረጃው ሁሉ በገሃድ የቀረበበት ምሽት

በ1882 ኮክ ንግግሩን ያቀረበው በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበር። ፊዚዮሎጂ የአካል ክፍሎችን አሠራር የሚያጠና ሳይንስ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በዘር የሚተላለፍ ወይም ከደካማ ተፈጥሮ የሚመነጭ በሽታ ነው የሚለው እምነት ገና ሥር ሰዶ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ኮክ ከሰው ልጆች መካከል ከሰባቱ አንዱን የሚገድለው ይህ በሽታ መሆኑን በመጥቀስ ጀመረ፤ ከዚያም አንድ የተወሰነ ባክቴሪያ ብቻውን የበሽታው ምክንያት መሆኑን ደረጃ በደረጃ ወደ ማስረዳት አለፈ።

በመጀመሪያ ከታመሙ አካላት የተወሰደውን ናሙና በቀለም ነክሮ፣ ባክቴሪያው ሰማያዊ፣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ደግሞ ቡናማ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግበትን ዘዴ ገለጸ። ቀጥሎም ባክቴሪያውን እንዲረጋ በተደረገ የደም እዥ ላይ በሰውነት ሙቀት ልክ አሳድጎ፣ ከሌሎች ተሕዋስያን ለይቶ ለብቻው ማራባቱን አስረዳ። ባክቴሪያው እጅግ በዝግታ ስለሚያድግ በዓይን የሚታይ ነገር የሚገኘው ከሳምንት በላይ በትዕግሥት ለጠበቀ ሰው ብቻ ነበር። በመጨረሻም ያራባውን ባክቴሪያ ጊኒ ፒግ በሚባሉት ትናንሽ የሙከራ እንስሳት አካል ውስጥ ሲያስገባ እንስሶቹ በዚያው በሽታ መያዛቸውን፣ ከእነርሱም ያንኑ ባክቴሪያ መልሶ ማግኘቱን አሳየ።

የዚያ ምሽት ትልቁ ቁም ነገር ግን ከንግግሩ ጎን የቀረበው ማስረጃ ነው። ኮክ ማይክሮስኮፖቹን፣ ባክቴሪያው ያደገባቸውን ቱቦዎችና ከ200 በላይ የሚሆኑ ናሙናዎችን በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ነበርና፣ ንግግሩ ሲያበቃ ተሰብሳቢዎቹ ከመከራከር ይልቅ እየተነሡ በማይክሮስኮፖቹ የተባለውን በዓይናቸው ማረጋገጥ ያዙ። በስብሰባው ላይ የነበረው ወጣቱ ፓውል ኤርሊክ የማቅለሚያውን ዘዴ በዚያው ዓመት አሻሻለው፤ ከእርሱ በኋላ ዚልና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ደግሞ ይበልጥ አበጁት። ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የታማሚን አክታ በማይክሮስኮፕ ለመመርመር የሚያገለግለው የማቅለሚያ ዘዴ በእነዚህ በሁለቱ ስም ይጠራል። አንድ ሰው ያገኘውን ሳይደብቅ ስላቀረበ፣ ሌሎች ወዲያው ተቀብለው ሊያሻሽሉት ቻሉ።

አሠራሩ ያልተገለጠው መድኃኒት

በነሐሴ 1890 በበርሊን በተካሄደው ዐሥረኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ኮክ፣ አሁን በዓለም የታወቀና የተከበረ ሰው ሆኖ፣ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እድገት የሚገታ ነገር በጊኒ ፒጎች ላይ ሞክሮ ማግኘቱን ተናገረ። በኅዳር ወር ባወጣው ጽሑፍ መድኃኒቱ በሰው ላይም እንደሚሠራ ሲገልጽ፣ ከምን እንደተሠራ ግን አልተናገረም። ቃሉ በጋዜጦች ሲሰማ ከየአገሩ ሕሙማንና ሐኪሞች ወደ በርሊን ጎረፉ።

ከሄዱት አንዱ ኋላ በልብ ወለድ ድርሰቶቹ የታወቀው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል ነበር። ገለጻው የሚሰጥበት አዳራሽ መግቢያ ስላላገኘ፣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የያዘውን ማስታወሻ ተውሶ አነበበ፤ መድኃኒቱን የወሰዱ ሕሙማን የተኙባቸውንም ክፍሎች ተዘዋውሮ ካየ በኋላ፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ራሱን እንደማይገድልና ዋናው ጥቅሙም በሽታውን ለመለየት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የታወቀው ፓቶሎጂስት ሩዶልፍ ቪርኮ፣ ማለትም በሽታ በአካል ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የሚያጠናው ሊቅ፣ መድኃኒቱን ወስደው የሞቱ ሕሙማንን አስከሬን መርምሮ በሽታው እንዳልዳነ፣ በአንዳንዶቹም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመቱን በሐኪሞች ማኅበር ፊት አቀረበ። ኮክም ጫናው ሲበረታበት በዚያው ወር መድኃኒቱ ከባክቴሪያው ዘር በግሊሰሪን የወጣ ጭማቂ መሆኑን ገለጠ። ይህ ቱበርኩሊን የተባለው ነገር ፈውስ ሆኖ ባይገኝም፣ ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በ1908 ባስተዋወቀው መንገድ በክንድ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ እብጠቱ የሚለካበት የቲቢ ምርመራ ሆኖ እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

ሁለቱን ንግግሮች የለያቸው የተናጋሪው እውቀት ወይም ዝና አይደለም፤ እንዲያውም በሁለተኛው ጊዜ ዝናው ይበልጥ ነበር። የለያቸው ነገር አድማጩ የተባለውን የሚያረጋግጥበት መንገድ መኖርና አለመኖሩ ነው። በ1882 ማስረጃው በጠረጴዛ ላይ ነበረ፤ በ1890 ግን አድማጩ የሚይዘው የተናጋሪውን ቃል ብቻ ነበር።

አድማጩ ምን ይጠይቅ?

ዛሬ በሕዝባዊ ገለጻ ላይ የሚገኝ ተማሪ፣ መምህር፣ ነጋዴ ወይም የታማሚ ቤተሰብ የማይክሮስኮፕ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። ጥቂት ጥያቄዎችን ይዞ መግባት ግን ይችላል፤ የመጀመሪያውም ጥናቱ የተደረገው በምን ላይ ነው የሚለው ነው። በቱቦ ውስጥ ባክቴሪያ የገደለ ነገር ሁሉ በእንስሳ ላይ አይሠራም፤ ጊኒ ፒግን የረዳ ነገርም ሰውን ላይረዳ እንደሚችል የ1890ው ታሪክ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ውጤቱ ከማን ጋር ተነጻጸረ የሚለው ነው። በ1948 የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ 107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለ55ቱ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከአልጋ ዕረፍት ጋር ሲሰጡ፣ ለ52ቱ የዘመኑ የተለመደ ሕክምና የነበረውን ዕረፍት ብቻ ሰጡ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ ግን 14 ሰዎች ሞቱ። በዕጣ መከፈሉ ያስፈለገው፣ ጠንካራ የሚመስለው ታማሚ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተመርጦ መድኃኒቱ ያልሠራውን እንደሠራ እንዳያስመስል ነው። ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ቡድን ባይኖር ኖሮ፣ የዳኑት በመድኃኒቱ ይሁን በዕረፍቱ ወይም በአካላቸው ብርታት ለይቶ ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ታማሚዎቹ ለምን ያህል ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው የሚል ነው። በዚያው ጥናት ብዙ ታማሚዎች ላይ ባክቴሪያው ስትሬፕቶማይሲንን በመላመዱ፣ ከጊዜ በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የሞት ልዩነት እየጠበበ ሄደ። ሳንባ ነቀርሳ በአንድ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን በብዙ መድኃኒቶች በአንድነት፣ ለወራት ሳያቋርጡ የሚታከመው ከዚህ ትምህርት በመነሣት ነው። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በሽታው ሲያገረሽበት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊይዘው የሚችለውም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ስለሚላመድ ነው።

አራተኛው፣ በመቶኛ የተነገረው ቁጥር በሰው ሲቆጠር ስንት ይሆናል የሚለው ነው። ኤም 72 በመባል የሚታወቀው የቲቢ ክትባት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በዛምቢያ ባክቴሪያው በአካላቸው ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ግን ገና ያልታመሙ አዋቂዎች ላይ ሲሞከር፣ በሦስት ዓመት ክትትል በሽታውን ወደ ግማሽ ገደማ መቀነሱ በ2019 ተዘግቧል። ይህ ሲዘረዘር፣ ክትባቱን ከወሰዱት ከ1600 በላይ ሰዎች 13፣ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ከተወጉት ከ1600 በላይ ሰዎች ደግሞ 26 ታመሙ ማለት ነው። ዜናው ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም በታመሙት ሰዎች ቁጥር ማነስ ምክንያት እውነተኛው ኃይሉ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ እስከ 20,000 ሰዎችን ለማሳተፍ የታቀደ ሰፊ ሙከራ በ2024 ተጀምሯል። ከነዚህ ጋር የጥናቱን ወጪ ማን ሸፈነ፣ ዝርዝር መረጃውስ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለሕዝብ የተከፈተ መድረክ በሕዝብ ቋንቋ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2023 በዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ሲታመሙ 1.25 ሚሊዮን ሞተዋል፤ ኢትዮጵያም በሽታው ከጸናባቸው አገሮች ተርታ ትመደባለች። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘውና የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ምርምር ጀምሮ በቲቢም ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ተቋምም በመስኩ ድርሻ አለው። እነዚህን በመሰሉ ተቋማት የሚደረጉ ጥናቶች አክታቸውንና ደማቸውን በፈቃዳቸው የሰጡ ታማሚዎች ባይኖሩ ኖሮ አንድ እርምጃ ባልተራመዱ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ግልጽ ነው። ናሙናውን የሰጠ ሰው ውጤቱን የመስማት መብት አለው፤ የሚሰማውም በሚገባው ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ብዙ የሳይንስ ጉባኤዎች በእንግሊዝኛ መካሄዳቸው ለተመራማሪዎች መግባቢያ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ከሲምፖዚየሙ ጎን ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ ቢዘጋጅና ለጥያቄ በቂ ሰዓት ቢተው ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ነው። አድማጩ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚነዛ የፈውስ ወሬ የሚጠበቅበትን ማስተዋል ሲያገኝ፣ ተመራማሪው ደግሞ ታማሚዎች መድኃኒት የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ፣ ከምርመራ የሚሸሹትስ ምን ፈርተው እንደሆነ በቤተ ሙከራ ውስጥ የማያገኘውን እውቀት ከራሳቸው አንደበት ይሰማል።

ሰፊው የክትባት ሙከራ ሲጠናቀቅ ውጤቱ፣ መልካምም ሆነ የሚያሳዝን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከመድረክ መነገሩ አይቀርም፤ በአገር ቤትም ስለ ትርጉሙ የሚያብራሩ ገለጻዎች ይከተላሉ። በዚያን ጊዜ አዘጋጆች የአዳራሹን በር ለሁሉም እንዲከፍቱ፣ ተናጋሪዎች ከመደምደሚያው ጋር ማስረጃውን እንዲያቀርቡ፣ አድማጮችም በማን ላይ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ያህል ጊዜ ብለው ያለ ሐፍረት እንዲጠይቁ ከአሁኑ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የኮክ ሁለት ንግግሮች እንዳሳዩት፣ ታላቅ ስም ያለው ሰው እንኳ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱ ሕይወት ሳያስከፍል ቶሎ እንዲታረም የሚያደርገው ደግሞ ማስረጃን የሚያይና የሚጠይቅ ሕዝብ ነው።