የደጋው አገር ውሻና የቤቱ ጌታ

የደጋ ገበሬ ሀብቱን ሲቈጥር በሬውን፣ ላሙን፣ በጉንና አህያውን ይጠራል፤ ውሻውን ግን ከእነዚህ ጋር አይቈጥርም። ይሁን እንጂ ውሻ የሌለበት ግቢ እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ ከሀብት የማይቈጠር፣ ነገር ግን ከቤቱ የማይለይ ይህ እንስሳ ለሰውየው ምኑ ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ነገሩ ተራ መስሎ ቢታይም፣ ወደ መጨረሻው እንደምንመለከተው፣ የብዙ ሰዎች ሕይወት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ቡችላ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ በስጦታ ነው። ወንዱ ይመረጣል፤ ሴቲቱ በየጊዜው ስለምትወልድና የመንደሩን ወንዶች ውሾች ሁሉ ወደ ደጅ ስለምትሰበስብ ፈላጊዋ ጥቂት ነው። ቡችላው ካደገ በኋላ ማንም አያሠለጥነውም። ከገበታ የተረፈውን ይጥሉለታል፤ የጐደለውን ከየመንደሩ ራሱ ፈልጎ ይሞላል። በጣም ቁጡ ካልሆነ በቀር አይታሰርም። ቀን ወደ ወደደው ይሄዳል፤ ሲመሽ ግን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ በአጥሩ ሥር ወይም በአመዱ ክምር ላይ ይተኛል። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለው ተረት የሚነገረው በማያገባው ለሚገባ ሰው ቢሆንም፣ ስለ ውሻው ራሱ የሚያስረዳው ነገር አለ፤ ይኸውም ከቤቱ እንስሳት መካከል ቀንበርም ጭነትም የማያውቅ እርሱ መሆኑን ነው።

የውሻው ሥራ የሚጀምረው ሲጨልም ነው። ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ አስቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው፤ አንዱ ሲጮኽ የጎረቤቶቹ ሁሉ ይቀበሉታል፤ ሰውም ከእንቅልፉ ይነቃል። በቀንም ቢሆን እንግዳ ሰው ሳይጣራ ከአጥር አይገባም፤ ከውጭ ቆሞ «ውሻ ያዙልኝ» ይላል። ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያውቀው ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር በትሩን የማይለቀው ስለ ውሻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ተማሪው ከአጥሩ ጥቂት እንደ ራቀ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ትቶት ይመለሳል። የሚጠብቀው ደጁን ነውና፣ ከደጁ ውጭ ካለው መንገደኛ ጋር ጠብ የለውም።

በሥነ ምግባርና በሃይማኖት ረገድ የውሻ ክብር ዝቅተኛ ነው። ስሙ ስድብ ነው። ደሙ ሳይመለስለት የቀረ ሰው «ደመ ከልብ» ይባላል፤ ከልብ በግዕዝ ውሻ ማለት ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይከለከላል፤ በእስልምናም በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዟል። በሌላ በኩል ግን የታማኝነት ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ይኸው እንስሳ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የግንኙነቱን ሕግ በሦስት ቃላት ይፈጽመዋል፤ የሚጮኸው ስለ ታዘዘ አይደለም፤ ስለ በላ ነው።

በትምህርት ምክንያት በአውሮፓ በቈየሁበት ጊዜ ያየሁት ውሻ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። ከጌታው ጋር በቤት ውስጥ ያድራል፤ በማሰሪያ ተይዞ ይወጣል፤ በማሰሪያ ተይዞ ይገባል። ይህን የለመደ ሰው ወደ ደጋው አገር መጥቶ በየመንገዱ የሚዞሩትን ውሾች ባየ ጊዜ ሁሉም ጌታ የሌላቸው ይመስሉታል። ነገር ግን በዓለም ካሉት ውሾች የሚበዙት እንደኛዎቹ በነፃ የሚዞሩ ናቸው። ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2001 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የመጀመሪያውን ውሻ ሰው ይዞ አላለመደውም፤ ወደ ሰው መንደር ትራፊ ፍለጋ እየቀረበ ራሱን በራሱ አለመደ ብለው ተከራክረዋል። እንዲሁም በሕንድ አገር ስለሚዞሩ ውሾች በ2017 የወጣ ጥናት፣ እነዚህ ውሾች ምግብ ከሰጣቸው እንግዳ ይልቅ በየጊዜው የዳሰሳቸውን እንግዳ ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። እንግዲህ መዞሩ ከሰው መለየት አይደለም፤ ፍቅሩም ከሆዱ ብቻ የመጣ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የደጋው ውሻና ሰው ግንኙነት እንደ ባሪያና እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ ሁለት ውለኞች መሆኑን ነው። ሰው ትራፊውንና የደጁን ጥግ ይሰጣል፤ ውሻ ጆሮውንና ድምፁን ይሰጣል፤ ከዚህ አልፎ አንዱ የሌላውን ፈቃድ አይገዛም። ከቤተሰቡም መካከል ውሻው ሳይሸሽ የሚቀርበው ሁሉንም አይደለም፤ የሚያበላውን ሰው፣ ብዙ ጊዜም አብሮት የሚውለውን ልጅ ነው።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ከትቦ አዳነ። ይሁን እንጂ በ2015 በወጣው ግምት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይገድላል፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 እጅ ያህል ከውሻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል፤ ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ቢሆን ክትባቱን አስቀድሞ ይውሰድ።

በከተሞች ብዙ ጊዜ የተያዘው ዘዴ የሚዞሩትን ውሾች በመርዝ መግደል ነው። የዚህ ዘዴ ስሕተት የሚዞር ሁሉ ጌታ የለውም ከሚለው አሳብ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው መግደል በሽታውን አያጠፋም፤ በተገደሉት ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ይተካሉ፤ የተከተቡትም አብረው ይሞታሉ። በሽታውን የሚያቋርጠው ከአካባቢው ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑትን መከተብ ነው።

የባሌ ተራሮች ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዚያ ያሉት ከብት አርቢዎች ውሻ የሚይዙት መንጋውን ለማስነዳት ሳይሆን ሌሊት ጅብና ነብር እንዲጠብቁላቸው ነው። ቀን ግን ውሾቹ በአገራችን ብቻ በሚገኘው በቀይ ቀበሮ ምድር ይዞራሉ። በ2003 ከውሾች የተላለፈው በሽታ በወብ ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ስለዚህ የቀበሮዎቹ ጠባቂዎች በዙሪያው ባሉት መንደሮች ውሾችን ይከትባሉ፤ ቀበሮውን ለማዳን መንገዱ በውሻው ደጅ ያልፋል።

ከታቢው ወደ መንደር በሄደ ጊዜ ለማንም የማይገዛውን ውሻ በገመድ ለመያዝ ከማባረር ይልቅ፣ በየቤቱ ገብቶ «ይህን ውሻ የሚያበላው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ይቀልለታል። ውሻው ለማያውቀው ሰው ገመድና ለሚያበላው ልጅ እጅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥምና። ተማሪዎቻችንም ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ጊዜ ውሻ በየቤቱ በማን እጅ እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድርና ለማን እንደሚቀርብ ጽፈው ቢያመጡ ለዚህ ማኅበር ጥናትም ለሕዝቡ ጤናም ይጠቅማል።