የጨፈቃ ቀፎ፦ ከጓሮ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ የንብ ቤት

የጨፈቃ ቀፎ ሠሪዎች አንድ ቁጥር በቃላቸው ይይዛሉ፦ 32 ሚሊሜትር። የቀፎው ግድግዳ ከቀርከሃ ቢሠራ፣ ከሸንበቆ ወይም ከቁጥቋጦ ጨፈቃ ቢጎነጎን ንቦቹ ቅር አይላቸውም። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ቢጎድል ወይም ቢጨምርም ግድ የላቸውም። ከላይ የሚደረደሩት የእንጨት ርብራቦች ወርድ ግን 32 ሚሊሜትር መሆን አለበት። እዚህ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር መሳሳት የቀፎውን ዋና ጥቅም ያሳጣል።

ምክንያቱ የንቦቹ የአሠራር ልማድ ነው። ንቦች በዛፍ ሽንቁርም ሆነ በገደል ዋሻ ሲሰፍሩ የማር እንጀራቸውን ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች እያወረዱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በአንዱ እንጀራና በሚቀጥለው መካከል ሁለት ንቦች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሳይጋጩ የሚሠሩበት መተላለፊያ ይተዋሉ። ለአገራችን ንብ ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በአካል ተለቅ ላለው የአውሮፓ ንብ ደግሞ 35 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ርብራቡ በዚህ ልክ ከተቆረጠ እያንዳንዱ እንጀራ በአንድ ርብራብ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። አናቢውም አንዱን ርብራብ ከነእንጀራው እንደ መጽሐፍ ገጽ ለይቶ አንሥቶ፣ አይቶ፣ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ርብራቡ ከሰፋ ግን ንቦቹ እንጀራውን እያጣመሙ ከጎረቤቱ ያያይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ሳይቀደድ የሚነሣ እንጀራ አይገኝም።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገር ናት። ይህ ማር በብዛት የሚገኘው ከባህላዊ ቀፎ ነው፤ በአገሪቱ ካሉት ቀፎዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ባህላዊ ናቸው ማለት ይቻላል። በከፋና በሸካ ጫካዎች ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ድቡልቡል ቀፎም ሆነ፣ በሰሜኑ ደጋ በጭቃና በእበት ተለስኖ ከቤት ጥግ የሚቀመጠው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ ሳይቆረጥ አይወጣም። ማር ቆራጩ በጨለማ ንቦቹን በጢስ ገፍቶ እጁ የደረሰበትን ያወጣል፤ ከማሩ ጋር እንቁላሉም እጩም አብሮ ይወጣል። አንዳንዴ ንግሥቲቱ እዚያው ትሞታለች። ቤታቸው የፈረሰባቸው ንቦችም ብዙ ጊዜ ይኮበልላሉ። ከእንዲህ ያለ ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። ጥፋቱ የንቦቹ አይደለም፣ የገበሬው ስንፍናም አይደለም። ችግሩ ቀፎው ውስጡን የማያሳይ መሆኑ ነው።

እንጀራውን ሳይጎዱ ማንሣት የሚለው ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆርጅ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1682 ባሳተመው የግሪክ ጉዞ መጽሐፉ፣ አቴና አጠገብ ባለው የሂሜተስ ተራራ ያየውን ቀፎ ገልጿል። ቀፎው ከአኻያ ቀንበጥ የተጎነጎነ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ፣ ውስጡም ውጭውም በጭቃ የተለሰነ ነበር። አፉ ላይ ጠፍጣፋ እንጨቶች ተደርድረውበታል፤ አናቢዎቹም እንጀራውን ከነእንጨቱ እያነሡ ማር ይወስዱ፣ አንዱን ኅብረ ንብ ለሁለት ይከፍሉ ነበር። ይህን የሚያነብ የጎጃም ወይም የወሎ አናቢ የራሱ ጓሮ የተገለጸ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው አሜሪካዊው ሰባኪ ሎሬንዞ ላንግስትሮት ነው። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት ሲያገኙ በሰም ሳይደፍኑ ለመተላለፊያ እንደሚተዉት አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ባለ ፍሬሙን የሣጥን ቀፎ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በአገራችን «ዘመናዊ ቀፎ» የሚባለው የእሱ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ከካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ኬንያ ውስጥ ለአፍሪካ ንብ የሚስማማ፣ ፍሬም የሌለው ባለ ርብራብ ቀፎ አስፋፉ። ይህ ቀፎ ከጣውላ ሲሠራ የኬንያ ቀፎ ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያው ቅርጽ ከጨፈቃ፣ ከጭቃና ከእበት ተሠርቶ የጨፈቃ ቀፎ ሆነ። በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ በመሆኑ ባለሙያዎች የሽግግር ቀፎ ይሉታል።

ይህ አጠራር ግን ቀፎውን ያሳንሰዋል። የሽግግር የተባለ ነገር ነገ የሚጣል ይመስላል፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን ትክክለኛው ቀፎ ይኸው ነው። የሣጥን ቀፎ የተላገ ጣውላ፣ ፍሬም፣ ሽቦ፣ የሰም ማተሚያና የማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል። እነዚህ በተሟሉበት ቦታ የሚሰጠው ማር ከሁሉም ይበልጣል፤ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊገኝበት ይችላል። ባልተሟሉበት ቦታ ግን ሣጥኑ ባዶውን ይቆማል ወይም የእህል ማስቀመጫ ይሆናል። የጨፈቃ ቀፎ በደህና ዓመትና በደህና አያያዝ 15 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ከባህላዊው በእጥፍ የሚበልጥ ነው፤ የሚፈልገው ማሽንም የለም።

አሠራሩ የጭቃ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ገንዳ መሳይ አጽም በቀርከሃ ፍላጭ ወይም በቀጫጭን እንጨት ይጎነጎናል፤ መጋጠሚያው በልጥ ወይም በገመድ ይታሰራል። የውስጥ ርዝመቱ 96 ሳንቲሜትር ቢሆን ልክ 30 ርብራብ ይይዛል። የላይኛው ወርድ 44 ሳንቲሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበሉ ለውበት አይደለም። ወለሉና ግድግዳው የሚሠሩት ማዕዘን 120 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ንቦቹ እንጀራቸውን ከግድግዳው ጋር የማጣበቅ ልማዳቸው ይቀንሳል።

ቀጥሎ ልስኑ ነው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ከውጭም ከውስጥም ይመረጋል፤ ሲደርቅ የሚፈጠረው ስንጥቅ በእበት ይደፈናል። የውስጡ ማለስለሻ ንጹሕ እበት ቢሆን ይመረጣል። ይህ ወፍራም ግድግዳ ቀትር ላይ ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን ይከላከላል። ንቦች እጫቸውን የሚያሳድጉበትን ክፍል ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለማቆየት ይደክማሉና፣ የደጋ ሌሊት በቀጭን ጣውላ ውስጥ ሲገባ ያንን ሙቀት ለመመለስ ብዙ ማር ያቃጥላሉ።

ርብራቦቹ ከደረቀ እንጨት ይሰነጠቃሉ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም ልኩ ሁሉ ይበላሻል። ርዝመታቸው 48 ሳንቲሜትር ቢሆን በሁለቱም ጎን ከግድግዳው በላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ ርብራብ መሐል ለመሐል ቀጭን የሰም መስመር ይቀባል፤ ንቦቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ መስመር ነው። በአንደኛው ጫፍ ከታች በኩል ንብ ብቻ የምታልፍባቸው ጥቂት ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ከርብራቦቹ በላይ የሣር ክዳን ወይም ከሥሩ ሣር የተነጠፈበት ቆርቆሮ ይደረጋል።

ቀፎው የሚቀመጥበት ቦታ የአሠራሩን ያህል ይታሰብበታል። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሆኖ፣ ፊቱ ከነፋስ የተመለሰ፣ ከቀትር ፀሐይ የተጠለለ ቢሆን ይስማማዋል። የቆጡ እግሮች ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል፤ ጉንዳን አንድ ሌሊት ካገኘ ኅብረ ንቡን ጨርሶ ሊያባርር ይችላል። ከቀፎው ፊት ለፊት የሰው ቁመት የሚያህል የቁጥቋጦ አጥር ቢኖር ንቦቹ ወደ ላይ ከፍ ብለው ስለሚወጡ አላፊ አግዳሚውን አይነኩም። አህያ፣ በቅሎ፣ ፈረስና የተዘጋባቸው ዶሮዎች ግን ቀፎ አጠገብ ፈጽሞ አይታሰሩም። ንብ ሲቆጣ ማምለጥ የማይችል እንስሳ ይሞታል።

ንቡን ማግባት በአብዛኛው አካባቢ የሚቻለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። አደይ አበባና ኑግ ሲያብቡ የበረቱ ኅብረ ንቦች ይከፈላሉ፤ አሮጊቷ ንግሥት ከፊሉን ይዛ አዲስ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። ቀፎው በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ታጥኖ፣ ሰም ተቀብቶ ከጠበቃቸው ራሳቸው መጥተው ሊገቡ ይችላሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ንብ ከነቀፎው በገበያ ስለሚሸጥ መግዛትም አለ። የተገዛውን ንብ ወደ አዲሱ ቀፎ ማዛወር የሚሻለው አመሻሽ ላይ ነው፤ ንግሥቲቱ መግባቷ ከተረጋገጠ ሌሎቹ ይከተሏታል።

ቀፎው የሚከፈተውም አመሻሽ ላይ ነው። ከቆርቆሮ ጣሳ በተሠራ ማጨሻ የደረቀ ኩበት ይጨሳል። ጢሱ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ንቦቹ ለጥቃት የሚጠራሩበትን ሽታ ይሸፍናል፣ እነሱም ቤታቸው የሚቃጠል መስሏቸው ማር መጠጣት ይጀምራሉ፤ ሆዱ የሞላ ንብ ለመናደፍ አይቸኩልም። የጨፈቃ ቀፎ ትልቁ ፀጋ እዚህ ላይ ይታያል። ርብራቦቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገጥሙ ጣሪያው በአንዴ አይገለጥም፤ አንድ ርብራብ ሲነሣ የሚከፈተው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። ቁጡ ለሆነው የአፍሪካ ንብ ከዚህ የተሻለ አከፋፈት የለም። እንጀራው በሽቦ ያልተደገፈ ስለሆነ ግን እንደተንጠለጠለ ይታያል እንጂ ወደ ጎን አይጋደምም፤ በተለይ አዲስ እንጀራ በሙቀት ቀን ከተጋደመ ይቆረጣል።

ማሩ ሲደርስ ራሱ ይናገራል። ንቦቹ ከመግቢያው አጠገብ እጭ ያሳድጋሉ፣ ማሩን ደግሞ ወደ ኋላ ያከማቻሉ። ውኃው የቀነሰውን ማር በነጭ ሰም ይከድኑታል፤ ከእንጀራው አራት እጅ ሦስቱ ከተከደነ ይቆረጣል። ያልተከደነ ማር ውኃ የበዛበት ስለሆነ ይቦካል። ከርብራቡ ሥር አንድ ሁለት ሳንቲሜትር እንጀራ ይተዋል፤ ንቦቹ ከዚያው ይቀጥላሉ። ለእነሱ ቀለብ የሚሆን ቢያንስ አምስት ስድስት እንጀራ ማር መተው ግዴታ ነው። የተቆረጠው በንጹሕ ዕቃ ተጨፍልቆ በጨርቅ ይጣራል።

እዚህ ላይ የጨፈቃ ቀፎ ጉድለት በግልጽ መነገር አለበት። በማሽን የሚወጣ ማር ባዶ እንጀራውን ለንቦቹ ይመልስላቸዋል፤ በጨፈቃ ቀፎ ግን ንቦቹ በየዓመቱ አዲስ ሰም ይሠራሉ። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ። የምርት ልዩነቱ በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰሙ ግን አይጣልም። በሙቅ ውኃ ቀልጦና ተጣርቶ ለጧፍ ይሸጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ርብራብም ይቀባል። ኢትዮጵያ ለውጭ ገበያ ሰም ከሚያቀርቡት ዋና አገሮች አንዷ እንደመሆኗ ሰሙን ከእድፉ ጋር ሜዳ ላይ የሚጥል አናቢ ገንዘቡን ይጥላል።

ሌላው ለውጥ በቤት ውስጥ የሚታይ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ የሚወጣውና የሚቆረጠው በወንዶች ነበር። ወገብ ልክ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ቀፎ ግን ሴቶችም ራሳቸው ይከፍቱታል፣ ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ልስኑማ ድሮም የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ብዙ ሴት አናቢዎች ወደ ሙያው የገቡት በጓሮ ቀፎ በኩል ነው።

ክፉ ወራት ሲመጣ ንቦቹ ቀለብ ይሻሉ። በበጋው ማብቂያና በከባዱ ክረምት አበባ ሲጠፋ የአገራችን አናቢዎች በሶና ሽሮ፣ የስኳር ወይም የማር ውኃ ይሰጧቸዋል። ጠጠር የተደረገበት የውኃ ሳሕን በአቅራቢያው ማስቀመጥም ከመስመጥ ያድናቸዋል። ከረኃብ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መድኃኒት ነው። ያበበ ማሳ ላይ ቀን የሚረጭ ፀረ ተባይ ንቡን በሜዳ ያስቀራል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ርጭቱን ንብ ቤቷ ወደምትገባበት ምሽት ማዛወር ብዙ ቀፎ ያተርፋል።

ለንብ መርዝ ሰውነቱ የማይስማማ ሰው በአንድ ንድፊያም ሊታመም ይችላል። ከተነደፈ በኋላ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ጓሮ ያላችሁና ለመጀመር የምታስቡ አንባቢዎች፣ ሥራውን ለመስከረም አታቆዩት። ጭቃው በደንብ ለመድረቅ ሳምንታት ፀሐይ ይፈልጋልና አጽሙን በበጋ ጎንጉኑ፣ ክረምቱ ሳይገባ ልሰኑት፣ ርብራቡን ግን በመጋዝና በማስመሪያ እንጂ በዓይን ግምት አትቁረጡ። አንድ ሳይሆን ሁለት ቀፎ ሥሩ፤ አንዱ ንግሥት ቢያጣ ከሌላው እንቁላል ያለበትን እንጀራ ከነርብራቡ አዛውሮ ማትረፍ የሚቻለው ያኔ ነው።