ከአምባሰል ገደል ሥር የታየው «ውሃ»

ከሳተላይት ምስል የተሠራ የመሬት ሽፋን ካርታ የምታዩ ሁሉ፣ አምባሰል ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ። ኮምፒውተሩ ገደል ሥር የጠቆረ ነገር ሲያገኝ አንዳንዴ «ውሃ» ብሎ ይመዘግበዋል። የአገሬው ሰው ቢያየው ይስቅ ነበር፤ ጥላ ነዋ!

ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በእኛ ሰማይ የሚያልፉት ሁልጊዜ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ታኅሣሥ ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ 49 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ቀጥ ያለ 300 ሜትር ገደል ቢኖር፣ ጥላው ሜዳ ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ 260 ሜትር ያህል ይዘረጋል። አንዱ ፒክስል 10 ሜትር ስለሆነ 26 ፒክስል ጨለመ ማለት ነው። ሰኔ ላይ ግን ፀሐይ በሰሜን ምሥራቅ ትሆንና ጥላው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። ሁለቱን ምስሎች አስተያይቶ «ደኑ ተለወጠ» የሚል ሰው፣ የተለወጠችበት ፀሐይ ልትሆን ትችላለች።

ብርሃኑን ራሱን በኮምፒውተር መከተል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ውስጥ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ዳርት የተባለው ሞዴል ተራራውን፣ ዛፉንና አየሩን ከነቅርጻቸው ይገነባና ጨረር ይለቅበታል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ኢንፍራሬዱን ግን ግማሽ ያህሉን ይመልሳል፣ ከቀረውም ብዙውን ወደ ታች ያሳልፋል። የቅጠሉ አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቁልቁል ስለሚንጠለጠል፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ በመካከሉ ሾልኮ መሬት ይደርሳል፤ ሳተላይቱም ከዛፉ ጋር አፈሩን ቀላቅሎ ያያል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከአምባሰል ቅርብ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ነገር ነው። ውሃ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ከላይ ሲታይ ጥቁር መሆን ነበረበት። ዳር ዳሩን ግን ፈካ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየሩ ነው፤ ከዙሪያው ማሳ የተመለሰው ብርሃን አየር ላይ ይበተንና ከውሃው የወጣ መስሎ ሳተላይቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ወደ ውሃው የገባው መሬት አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የብሱ ቅርብ ነውና። ይህን ያላሰበ ተመልካች «አልጌ በዛ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

እንደ ዳርት ያለ ሞዴል ይህን ከዙሪያው ሾልኮ የገባ ብርሃን ለማስላት ይረዳል። ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ተማሪ የምመክረው ግን ለዳሩ የቀረቡትን ፒክስሎች እንዲተዋቸው፣ መሐሉንም ቢሆን በጀልባ ገብቶ፣ ውሃ ቀድቶ እንዲያመሳክር ነው።