ተጨማሪ መረጃ፦ ከአዳማ ነፋስ እስከ ብሎክቼይን

ቬንቸር ካፒታል ባለሀብቶች የኪሳራ ስጋት እያለ በፍጥነት ሊያድጉ ለሚችሉ ጀማሪ ኩባንያዎች በአክሲዮን ድርሻ ምትክ የሚሰጡት ገንዘብ ነው። ብሎክቼይን ደግሞ እያንዳንዱ የዕቁብ አባል የመዝገቡን ግልባጭ ቢይዝ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተባዛ የሒሳብ መዝገብ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ (በብሎክቼይን የሚሠሩ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያያ ሲከስር ብዙ ባለሀብቶች ከዘርፉ ሸሹ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን የቬንቸር ካፒታል ገንዘብ በተለይ ወደ ብሎክቼይን መሠረተ ልማት መመለስ ጀምሯል።

ከዚህ ዘርፍ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በተለይ የቢትኮይን ‘ማዕድን አውጪ’ ኩባንያዎች፣ ማለትም ብዙ ኤሌክትሪክ በሚፈጁ የኮምፒውተር ማሽኖች ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመነጩ ናቸው፤ የሳባቸውም ርካሽ ኤሌክትሪክ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከሆንግ ኮንጉ ዌስት ዳታ ግሩፕ ቅርንጫፍ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማዕከል የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል።

አዳማ 1 (51 ሜጋ ዋት) እና አዳማ 2 (153 ሜጋ ዋት) የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ እንዲሁም በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኃይላቸውን የሚልኩት ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ነው። የቢትኮይን ማሽኖቹም ኃይል የሚያገኙት ከዚሁ መረብ ነው።

ተወያዩ፦ ኤሌክትሪክ ለማሽኖቹ ተሽጦ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ይሻላል ወይስ ለፋብሪካዎችና ለመኖሪያ ቤቶች ማዳረስ?